የአንጀት ጡንቻና የደሙ መንገድ

ጥሕሎ በልተን ስንነሳ ሆዳችን ውስጥ ሁለት ሥራ አብሮ ይጀመራል። የአንጀት ጡንቻ ምግቡን ያሻል፣ ይገፋል፤ ወደ አንጀት የሚሄደውም ደም ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜ እጥፍ እስኪሆንና ከዚያም በላይ። ሁለቱ ግን የሚሠሩት በአንድ ስስ ግድግዳ ውስጥ ነው። ደም ቅዳዎች ወደ ውስጠኛው ሽፋን የሚደርሱት ጡንቻውን አቋርጠው ስለሆነ፣ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር የደሙን መንገድ ይጨምቃል።

ታዲያ ደሙ ለምን አይቋረጥም? ጡንቻው ተኮማትሮ ስለማይቀር ነው። ሲጨምቅ የሚገባው ደም ለአፍታ ይቀንሳል፤ በደም መልሶቹ ውስጥ ያለው ደግሞ ወደ ጉበት ይገፋል። ሲላላ፣ ኦክስጅን ያጠረው ሥጋ የሚለቃቸው እንደ አዴኖሲን ያሉ ኬሚካሎች የደም ሥሮቹን ያሰፋሉ፤ የጎደለው ደም ተካክሶ ይገባል። የቀጭን አንጀት መጀመሪያ በደቂቃ እስከ 12 ጊዜ ያህል ሊኮማተር ይችላል፤ ጭመቃው አጭር በመሆኑ ግን የደሙ ድምር ብዙም አይጎድልም።

አደጋው የሚመጣው መላላቱ ሲጠፋ ነው። ጡንቻው ተኮማትሮ ሲቆይ፣ ወይም አንጀቱ በጋዝና በፈሳሽ ተነፍቶ ግድግዳው ሲወጠር፣ የደም ሥሮቹ ተጨፍልቀው ይቀራሉ። ቀድሞ የሚጎዳው ምግብ የሚመጠው ውስጠኛ ሽፋን ነው።

በአገራችን ይህ ጎልቶ የሚታየው በአንጀት መታጠፍ ነው፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አንጀት ከሚዘጋባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። አንጀት በራሱ ላይ ሲዞር፣ ግድግዳቸው ስስ የሆነው ደም መልሶች ቀድመው ይታነቃሉ። ደሙ እየገባ መውጫ ያጣል፤ አንጀቱ ያብጣል፤ በመጨረሻ ደም ቅዳውም ይዘጋል። ጡንቻው የተዘጋውን ለማለፍ ሲታገል ሕመሙ መጣ ሄድ የሚል ቁርጠት ነው። ፋታ የማይሰጥ ሕመም ሲሆን ግን አንጀቱ ደም እያጣ ሊሆን ይችላል።

የታጠፈው የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ከሆነና ገና ካልሞተ፣ ሐኪሞች በፊንጢጣ ቱቦ አስገብተው ጋዙን በማስወጣት ሊፈቱት ይችላሉ። ከሞተ ግን በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ብዙውን ጊዜ የሰዓታት ልዩነት ነው። ስለዚህ ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ጋዝም ሰገራም እምቢ ያለው ሰው ፌጦ እየጠጣና ሆዱን እየታሸ አይደር። መቀሌ ላለ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ዓይደር ሆስፒታል አለ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይወሰድ።