ያውቁ ኖሯል? ዓይን የልብን ጉድ ያወጣል

መርካቶ ሸምተው፣ በቀድሞው የጦር ሚኒስትር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራውን ድልድይ ሲሻገሩ አንድ ዓይንዎ ያለ ሕመም ድንገት ጨልሞ ከደቂቃዎች በኋላ ቢመለስ፣ ጥፋቱ የዓይን ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከአንገት የደም ቧንቧ ወይም ከልብ የተነሳ ቅንጣት የዓይንን ቀጭን ቧንቧ ለአፍታ ዘግቶት ነው። ያው ቅንጣት ወደ አንጎል ቢሄድ ስትሮክ ያመጣል።

ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1851 እ.ኤ.አ. የዓይን መመልከቻውን ካስተዋወቀ ወዲህ ሐኪሞች ያለ ቢላ የደም ሥርን ሬቲና ላይ በቀጥታ ያያሉ። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊትም እዚያው ይታያል፦ የጠበበ ቧንቧ፣ የፈሰሰ ደም። ባለቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም!

ዓይንዎ ድንገት ከጨለመ፣ ቢመለስም እንኳ፣ መነጽር ቤት ሳይሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።