ኮምፒዩተሮች እንዴት ይፈላለጋሉ?

በአንድ ክፍል ያሉ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ሲተያዩ፣ በቀጣዩ ክፍል ያሉት በዝርዝሩ ላይ ሳይወጡ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ይህን የተመለከተ ተማሪ «ኔትወርኩ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። ብዙውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ምክንያቱን ለመረዳት ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉባቸውን ሁለት መንገዶች እንመልከት።

የመጀመሪያው መንገድ ጥሪ ነው። 192.168.1.20 የተባለ ኮምፒዩተር 192.168.1.35ን ሲፈልግ በቅድሚያ ሁለቱን አድራሻዎች ያነጻጽራል። የንዑስ መረቡ መለኪያ 255.255.255.0 ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች መመሳሰል ጎረቤትነትን ያመለክታል። ስለዚህ «የዚህ አድራሻ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ ባለቤቱም የመሣሪያ ቁጥሩን ለጠያቂው ብቻ ይመልሳል። ይህን ሥርዓት ዴቪድ ፕለመር እ.ኤ.አ. በ1982 በጽሑፍ አቅርቦታል።

192.168.2.20 ግን ጎረቤት አይደለም። በክረምት ባሮ ሲሞላ በጋምቤላ ከተማ አንዱ ዳርቻ ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው ድምፁ ማዶ አይደርስም፤ መልእክቱ በድልድዩ መሻገር አለበት። በኔትወርክ ውስጥ ድልድዩ ራውተር ነው። ራውተር አድራሻው የታወቀ መልእክትን ያሻግራል፤ ለሁሉም የተለቀቀ ጥሪን ግን በተለመደው አሠራር አያሳልፍም።

ይህ ገደብ ለምን አስፈለገ? ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት መረብ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሲዘረጋ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት አገናኝቷል። ከምድር ጋር እኩል የሚዞር ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። ከኢታንግ ወደ አዲስ አበባ በዚህ መንገድ የሚላክ ጥያቄ ወጥቶ ሲወርድ ከ71,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በብርሃን ፍጥነት 0.24 ሴኮንድ ያህል ማለት ነው። መልሱ ሲጨመር ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። የየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ሁሉ ጥሪውን በዚህ ጠባብና ውድ መስመር ላይ ቢለቅ፣ መስመሩ በጥሪ ብቻ ተጨናንቆ ለሥራ ቦታ አይተርፈውም ነበር።

ስለሆነም ሁለተኛው መንገድ አዋቂን መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ያቀረበው የስም አገልግሎት ይህንኑ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ለሁሉም ከመጣራት ይልቅ አድራሻውን አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ መልሱ ከሌለው ከሌሎች ሰርቨሮች ጠይቆ የተፈለገውን ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ከራውተር ወደ ራውተር እየተላለፈ ይደርሳል።

እንግዲህ በዝርዝሩ ላይ ያልታየ ኮምፒዩተር ሁሉ የለም ማለት አይደለም። ስሙን ትተን በቁጥር አድራሻው በፒንግ እንሞክረው። ከመለሰ መንገዱ ደኅና ነው፤ ችግሩን በስም አገልግሎቱ ዘንድ እንፈልግ። ካልመለሰ የንዑስ መረቡን መለኪያ፣ የራውተሩን አድራሻና መልስ የሚከለክለውን የጥበቃ ፕሮግራም በተራ እንመርምር። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ጋምቤላ ባለሙያ ከሩቅ ከማስጠራት በፊት ይህን መለየት የሚችል ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።