የመጀመሪያው እትም ምን ይነግረናል?

በትምህርት ቤት የምናነበው ግጥም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን ከልዩ ልዩ መጻሕፍት ተመርጦ በተጠናቀረ ስብስብ ውስጥ ነው። በዚህ ዓይነቱ ስብስብ የግጥሙ ቃል በሙሉ ቢገኝም፣ መቼ፣ በማን ፈቃድና በምን ሁኔታ እንደታተመ የሚያስረዳው ማስረጃ አብሮ አይመጣም። የዚህን ጉዳት ለማሳየት ያህል «ሉካስታ» የተባለውን የእንግሊዝ የግጥም መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ የታተመው በ1649 ለንደን ውስጥ ነው። ደራሲው ሪቻርድ ላቭሌስ ከኬንት አውራጃ ባለርስቶች ወገን የተወለደ፣ በኦክስፎርድ የተማረና የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ደጋፊ ነበር። በ1642 የአውራጃውን ሰዎች አቤቱታ ንጉሡን በመደገፍ ለፓርላማ ስላቀረበ ዌስትሚንስተር በነበረው የጌትሀውስ ወህኒ ቤት ታሰረ። «ለአልቲያ፣ ከወህኒ ቤት» የተባለው እውቅ ግጥሙ የሚያያዘው ከዚህ እስራት ጋር ነው። በ1648ም እንደገና ታሰረ።

አሁን ቀኖቹን እናስተያይ። ፓርላማው በ1643 ባወጣው ድንጋጌ መሠረት ማንኛውም መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በመርማሪ ታይቶ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። «ሉካስታ» ፈቃድ ያገኘው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1648 ሲሆን፣ በአታሚዎች ማኅበር መዝገብ የተመዘገበው ግን ሜይ 14 ቀን 1649 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል፣ ይኸውም ጃንዋሪ 30 ቀን 1649፣ ንጉሡ በአደባባይ አንገቱን ተሰይፏል፤ ዘውዳዊው አገዛዝም በሕግ ተሽሯል። እንግዲህ ስለ ታማኝነት የተገጠመው ግጥም ፈቃድ ሲያገኝ በሕይወት ላለ ንጉሥ የተነገረ ነበር። ገዢው እጅ ሲገባ ግን ለሞተ ንጉሥና ለፈረሰ ዙፋን የተነገረ ሆነ። ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ ማለት ነው።

የመጽሐፉ አካልም እንዲሁ ይናገራል። ቅርጹ ትንሽ ነው፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ቅጠል ወይም 16 ገጽ ይሆናል፤ ጥራዙ የሚሠራው እነዚህ እጥፎች ተደራርበው ሲሰፉ ነው። የርእሱ ገጽ የደራሲውን ስም ከባላባትነት ማዕረጉ ጋር ይዟል። ከግጥሞቹ በፊት ወዳጆቹ የጻፏቸው የምስጋና ግጥሞች ሰፍረዋል። ከነዚህ አንዱ የአንድሩ ማርቬል ሲሆን፣ የመጽሐፍ መርማሪዎችን ይነቅፋል። ይሁን እንጂ ይኸው ማርቬል በ1657 በክሮምዌል መንግሥት ተቀጥሮ ሠርቷል። ከዚህም የምንረዳው የዘመኑን ደራስያን «የንጉሥ ወገን» እና «የፓርላማ ወገን» ብሎ በቀላሉ መክፈል እንደማይቻል ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ዊልያም ፌይዞርን በመዳብ ላይ የቀረጸው ሥዕልም ይገኛል። የጥንት መጻሕፍት ሰብሳቢዎች ቅጠልና ሥዕል ያልጎደለውን ቅጂ አጥብቀው የሚፈልጉት ብርቅ ስለሆነ ነው። ለተማሪ ግን ጥቅሙ ከዋጋ ይበልጣል፤ የጎደለ ቅጠል የጠፋ ምስክር ነውና።

ስለዚህ መምህራን አንድ ግጥም ሲያስተምሩ፣ ከስንኙ ትርጉም ጋር ሦስት ጥያቄዎች ቢጨምሩ መልካም ይመስለናል፦ መጀመሪያ የታተመው መቼ ነው? እንዲታተም የፈቀደው ማነው? በተጻፈበትና በታተመበት ጊዜ መካከልስ ምን ሆነ?