የሚጥል በሽታና ሐኪሙ የሚፈልገው ምስክር

 

መድረሳ ሳስተምር አንድ የዘጠኝ ዓመት ደረሳ ነበረኝ። እየቀራ ሳለ መሀል አያ ላይ ድንገት ዝም ይላል፤ ዓይኑ አንድ ቦታ ይተከላል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይመለሳል፤ የት እንዳቆመ ግን አያውቅም። በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። እኔም «ልብህ የት ነው?» እያልኩ እቆጣው ነበር፤ አንድ ቀንም መትቼዋለሁ። አላህ ይማረኝ። እናቱ ሐኪም ዘንድ ስትወስደው፣ ሐኪሙ ለሦስት ደቂቃ ያህል በኃይል እየሳበ እንዲተነፍስ አዘዘው። ልጁ እዚያው ሐኪሙ ፊት ዓይኑን ተክሎ ዝም አለ። ለካስ የማይጥል «የሚጥል በሽታ»ም አለ!

የአንጎላችን ሴሎች የሚነጋገሩት በጥቃቅን ኤሌክትሪክ ነው። ብዙዎቹ ተራ አጥተው በአንድ ጊዜ ሲነሡ ሕመሙ ይቀሰቀሳል። በአንጎል አንድ ወገን ብቻ ከሆነ አንድ እጅ ሊርገበገብ፣ የሌለ ነገር ሊሸት ይችላል። መላውን ሲያዳርስ ሰውየው ይወድቃል፣ ይገተራል፣ ይንፈራገጣል። መነሻው በምጥ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የጭንቅላት አደጋ፣ ማጅራት ገትር ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይታወቅም። በአረፋውም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም።

ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛው ሲወድቅ አያይም። ሕመምተኛውም ራሱን ስለሚስት አያስታውስም። ስለዚህ ምስክሩ የቤት ሰው ነው። በሸሪዓችን ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ አይጨምርም። «ጂን ያዘው» ማለት ምስክርነት ሳይሆን ፍርድ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ከመውደቁ በፊት ምን ያደርግ ነበር? መንቀጥቀጡ በየትኛው ጎን ጀመረ? ዓይኑ ክፍት ነበር? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምላሱን ነከሰ? ከነቃ በኋላስ ምን ያህል ደንዝዞ ቆየ? ብዙ ቆሞ ላብ አጥምቆት፣ ገርጥቶ የወደቀና ወዲያው የነቃ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት መሳት ነው የደረሰበት። በሞባይል መቅረፅ ከቻላችሁ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ለጎረቤት ማሳያ ግን አይሁን።

ከዚያ በኋላ ኢ.ኢ.ጂ የሚባለው ምርመራ አለ። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን የአንጎል ኤሌክትሪክ መዝግቧል፤ መሣሪያው ያነባል እንጂ ወደ ጭንቅላት ኤሌክትሪክ አይሰድም። ውጤቱ ደህና ነው ማለት ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በዚያች ሰዓት አልታየም ማለት ነው። ኤም.አር.አይ ደግሞ ጠባሳና ዕጢ ይፈልጋል።

«ታዲያ ጂንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጂንን አንክድም። ኢብኑል ቀዪም እንኳ መጣልን በሁለት ከፍለው አንዱን የሐኪሞች ጉዳይ አድርገውታል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ የምትወድቅ አንዲት ሴት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ነበር። ሶብር ብታደርግ ጀነት እንዳላት ነገሯት፤ እርሷም ሶብርን መርጣ፣ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች። አላሳፈሯትም፣ አላባረሯትም። ሩቅያ ከኪኒን ጋር አይጣላም። «ኪኒኑን ጣሉት» የሚል ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሙት። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንፈራገጥ ሊመጣና ሊገድል ይችላል።

ሲወድቅ ከምድጃው አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ነጠላ ጣል አድርጉበት። ክብሪት አታሽቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ረመዳንን በተመለከተ፣ እንቅልፍ ማጣትም ኪኒን መዝለልም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። ስለዚህ ሻዕባን ሳያልቅ ሐኪሙን ጠይቁ። ለአንዳንዱ መድኃኒቱን በኢፍጣርና በስሑር ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ ሐኪሙ አትፁም ያለው ግን አላህ ለበሽተኛ የሰጠውን ፈቃድ ይቀበል።