ሦስት ዶሮ መንጋ ይባላል?



በኢትዮጵያ መንጋ ሲባል የምናስበው ብዙ ከብት ወይም በግ ነው። ጓሮ የሚጭሩ ሦስት ዶሮዎችን መንጋ አንላቸውም። ለእንስሳት ሐኪም ግን ዋናው ቁጥሩ አይደለም። በአንድ ቦታ የሚያድሩ፣ ውሃና ጥሬ የሚካፈሉ፣ አንድ ሰው የሚጠብቃቸው ሁሉ፣ ርግብና ዳክዬ ቢቀላቀልባቸውም፣ አንድ መንጋ ናቸው።

ምክንያቱ በሽታ ነው። ፈንግል በኩስ፣ በውሃ፣ በጫማና በልብስ ሳይቀር ይተላለፋል። ስለዚህ አንዷ ከታመመች ሌሎቹም እንደተነኩ ይቆጠራሉ። በማርች 2006 የወፍ ጉንፋን በኔጌቭ፣ በሖሊትና በዔን ሀሽሎሻ ቂቡጾች ሲገኝ፣ የታመሙት ብቻ ሳይሆኑ አብረዋቸው የነበሩትም ሁሉ ተወግደዋል።

በራሞት ዶሮ ለማርባት ካሰቡ፦

• አስቀድመው ማዘጋጃ ቤቱን (ዒሪያ) በስልክ ቁጥር 106 ይጠይቁ።
• ግቢው የጋራ ከሆነ ጎረቤቶችዎን ያስፈቅዱ።
• አዲስ የገዟትን ዶሮ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻዋ ያቆዩ።
• ስለ ክትባት የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።
• የታመመች ዶሮ አርደው አይብሉ። ዶሮ በድንገት ከሞተችም በባዶ እጅ አይንኩ፤ ወዲያውኑ ለማዘጋጃ ቤቱ የእንስሳት ሐኪም ያስታውቁ።

መደበቅ የራስንም የጎረቤትንም ዶሮ ያስጨርሳል።