በሕክምና ምርምር ቡድንዎ በዕጣ የሚለየው ለምንድን ነው?

በኮሌጅ ፓርክና በአካባቢው ለሚኖሩ ታካሚዎች

ሐኪምዎ በአንድ የመድኃኒት ምርምር እንዲሳተፉ ሊጠይቅዎት ይችላል። ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤን አይ ኤች) ቅርብ ስለሆነ በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ግብዣ ብርቅ አይደለም። በስምምነት ቅጹ ላይ የሚገቡበት ቡድን በኮምፒዩተር ዕጣ እንደሚለይ ተጽፎ ያገኛሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል፤ «ጤናዬን በሎተሪ?» የሚልም አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዕጣው እንደ ዲቪ አይደለም

በዲቪ ውጤቱ ሲወጣ ማን እንደ ቀናው ይታወቃል። በምርምር ግን የትኛው ቡድን የተሻለ እንደሚሆን ገና ማንም አያውቅም፤ ቢታወቅማ ምርምሩ ባላስፈለገ። አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ ሊሻል፣ እኩል ሊሆን ወይም ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪሙ ለምን አይመርጥም?

ሐኪምም ሰው ነው። አዲሱን መድኃኒት ጠንከር ላሉት ታካሚዎች ብቻ ቢሰጥ፣ መድኃኒቱ ከሆነው በላይ ጥሩ ይመስላል። በጣም ለታመሙት አዝኖ ለእነርሱ ቢሰጥ ደግሞ ደካማ ይመስላል። እቁብ ላይ ዕጣ የሚወጣውም ሰብሳቢው ለወዳጁ እንዳያደላ አይደል? ዕጣ ወጣቱንና አረጋዊውን፣ ስኳር ያለበትንና የሌለበትን ይደባልቃል። ተሳታፊዎቹ ብዙ ሲሆኑ ቡድኖቹ ይቀራረባሉ፤ ማንም ባልለካው ነገር ጭምር።

ከአገር ቤት አንድ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2006 በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ አንድ የትራኮማ ጥናት ተጀመረ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ልጆችን ብቻ ደጋግሞ ማከም መንደሩን ሁሉ ይጠቅማል ወይ?» የሚል ነበር። በዕጣ በወጡ 12 ንዑስ ቀበሌዎች ልጆች በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ወሰዱ፤ ሌሎች 12 ደግሞ አንድ ዓመት ጠበቁ። በታከሙት ልጆች ዘንድ በበሽታው አምጪ ተሕዋስ የተያዙት ከ48 በመቶ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረዱ። መድኃኒቱን ያልወሰዱት አዋቂዎች እንኳ በሚጠብቁት ቀበሌዎች ካሉት ያነሰ ተይዘው ተገኙ።

ቀበሌዎቹ በሰው ተመርጠው ቢሆን ኖሮ ለመንገድ የቀረቡት፣ ውኃና ጤና ጣቢያ ያላቸው ሊቀድሙ ይችሉ ነበር። ያኔ የረዳው መድኃኒቱ ይሁን ውኃው እንዴት ይለያል? የጠበቁትም ከዓመት በኋላ መድኃኒቱን አግኝተዋል፤ ዓይኑ የሚቆጠቁጠው ልጅ ላላት እናት ግን ዓመት አጭር አይደለም። ስለዚህ «ሌላው ቡድንስ ምን ያገኛል?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት

ሌላው ቡድን የሚያገኘው የተለመደውን ሕክምና ነው ወይስ መድኃኒት የሌለበት እንክብል (ፕላሴቦ)? አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ይቋረጣል? መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ያገኙታል? ሁሉንም ይጠይቁ። አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲቀርብልዎ ይንገሩ፤ ይህን ሸክም በልጅዎ ላይ አይጣሉ። ካልፈለጉ እምቢ ማለት፣ ከጀመሩ በኋላም ማቆም ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት መደበኛ ሕክምናዎ አይነካም። ከምርምሩ ለመውጣት ሲወስኑ ግን መድኃኒቱን በድንገት ከማቆምዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ከተሳተፉም፣ በሌላ ቡድን ካለ ወዳጅዎ ጋር እንክብል አይለዋወጡ።