ማሽላ ብቻውን ለምን አይበቃም? ከካርቱም የጋራ ወጥ ቤቶች እስከ ወሎ ማሳ

በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የምትገኘው አል-ማንሺያ በካርቱም የተሻለ ኑሮ ይታይባቸው ከነበሩ ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ግን መዲናዋ በረሃብ ተመታች። በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንም ከችግሩ አላመለጡም። በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሟቸው የጋራ ወጥ ቤቶች የብዙዎችን ሕይወት አቆዩ። በእነዚያ ድስቶች ውስጥ ባቄላ ወይም ምስር መኖር አለመኖሩ ከጣዕም ያለፈ ትርጉም አለው።

ሰውነት ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 አሚኖ አሲዶች ሲሆን፣ 9ኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ይለዋል። ሱዳናውያን ኪስራና አሲዳ የሚያዘጋጁበት ማሽላ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ላይሲን ያንሰዋል። አንዱ ሲጎድል የቀሩት ቢበዙም ግንባታው ይስተጓጎላል፤ ትርፉም እንደ ማገዶ ይቃጠላል። ሆድ ሞልቶ እንኳ የልጆች ዕድገት ሊጓተት፣ ቁስል ሳይሽር ሊቆይ፣ በሽታ የመከላከል አቅምም ሊዳከም ይችላል።

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ አንድ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊግራም ላይሲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1,800 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህን ከማሽላ ብቻ ለማግኘት በቀን ከ700 ግራም በላይ እህል ይጠይቃል፤ ያውም ማሽላ በውኃ ሲበስል ፕሮቲኑ በቀላሉ የማይፈጭ መሆኑ ሳይቆጠር። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ግን አብዛኛውን ይሸፍናል። ባቄላ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ደግሞ ማሽላው ያሟላል።

የወሎ ገበሬዎች ለየት ያለ ማሽላ ነበራቸው። እ.አ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሺዎች ከሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶች መካከል በላይሲን የበለጸጉ ሁለት ዝርያዎች ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የተገኙ ነበሩ። ገበሬው እንዲህ ያሉትን ማሽላዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያለ፣ እሸታቸውን ጠብሶ ይበላ ነበር። ስሙን ያወጣው ሰው ያለ ቤተ ሙከራ ብዙ አልተሳሳተም። ይሁንና ፍሬያቸው የተጨማደደና ምርታቸው አነስተኛ በመሆኑ በስፋት አልተሠራጩም።

በፋርማሲ የሚሸጡት የአሚኖ አሲድ እንክብሎችና ዱቄቶችስ? እህልና ጥራጥሬ በበቂ መጠን ለሚመገብ ጤነኛ ሰው የሚጨምሩለት ጥቂት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ሊወስዳቸው አይገባም። ለተራበ ሰውም እንክብል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ሲያጣ ሰውነቱ አሚኖ አሲዱን ራሱን ያነደዋልና። በጽኑ ለተጎዱ ሕፃናት ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የሚዘጋጅ ሕክምናዊ ምግብ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ በሱዳን በመቶዎች የሚቆጠሩ የጋራ ወጥ ቤቶች ተዘግተዋል። እሳታቸው ላልጠፋው፣ ማሽላውና ባቄላው የግድ በአንድ ማዕድ መቅረብ የለባቸውም፤ ጠዋት ፉል፣ ማታ ኪስራ ቢሆንም ሰውነት ያጣምራቸዋል።